ወጥቶ ያልወጣ ዩዘር፦ የሎግ አውትና የዳግም ሎግ ኢን አሠራር

ለአንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭ መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። በፒኤችፒ የተጻፈ፣ ትንሽ፣ ሥራውን የሚሠራ። ካስረከብኩ ሁለት ወር ገደማ በኋላ ከፋርማሲስቶቹ አንዷ ደወለችልኝ። «ስማ፣ ትናንት ከሰዓት እኔ ቤቴ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን በስሜ ሽያጭ ተመዝግቧል። ማን ነው የሸጠው?»

ባንኮኒው ላይ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ጠዋት እሷ ትሠራበታለች፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ተረኛው ልጅ ይረከባታል። እሷ ስትጨርስ «ውጣ» የሚለውን ትነካለች፣ የመግቢያው ገጽ ይመጣል፣ ጋዋኗን አውልቃ ትሄዳለች። ከእሷ የሚጠበቀው ይኸው ነው። ልጁ ግን ገጹ ሲዘገይበት የኋሊት ቀስቱን ነካ ነካ አደረገው። ብሮውዘሩ «ፎርሙ እንደገና ይላክ?» ብሎ ጠየቀው። እሺ አለ። ገባ፤ የገባው ግን በእሷ ስም ነው። እስኪመሽም በእሷ ስም ሲሸጥ ዋለ። ልጁ ክፋት አልነበረውም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ የቱ ጋ እንዳጠፋሁ ደረጃ 4 ላይ እነግራችኋለሁ።

ሎግ አውት ስንሠራ ብዙዎቻችን የመግቢያው ገጽ ከታየ «በቃ፣ አለቀ» እንላለን። የመግቢያውን ገጽ ማሳየትና ሰውየውን ማስወጣት ግን ለየቅል ናቸው። ልዩነቱ እንዲገባን መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ እንየው።

ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ሲበዛ ረሺ ነው። አንድ ገጽ ጠይቃችሁ ሁለተኛውን ስትጠይቁ ሰርቨሩ ማን እንደሆናችሁ አያውቅም። አንድ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ በር ላይ መታወቂያ ታስይዛላችሁ፣ ቁጥር ያለው ባጅ ይሰጣችኋል፣ ዘበኛውም ደብተሩ ላይ «ባጅ 14፣ እገሌ» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ በየቢሮው የሚታየው ባጁ እንጂ መታወቂያው አይደለም። ኩኪ ማለት ያ ባጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ብሮውዘር የሚሠራው ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ያመጣው ነው። ባጁ ላይ ያለው ቁጥር የሴሽን መለያው ነው። ሴሽኑ ራሱ ደግሞ የዘበኛው ደብተር፤ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል።

ባጁን አውጥቶ መጣል መውጣት አይደለም። ደብተሩ ላይ ቁጥር 14 ካልተሰረዘ፣ ባጁን ከመሬት ያነሳው ሰው እገሌን ሆኖ ይገባል።

ደረጃ 1፦ ዩዘሩ በየት በኩል እንደሚገባ ለዩ

ሦስት ዓይነት ነው የሚያጋጥማችሁ። አንደኛው በሴሽንና በኩኪ የሚሠራው ነው። ከዚህ በታች በብዛት የማወራው ስለሱ ነው። ሁለተኛው በቶክን (ሰርቨሩ ፈርሞ በሚሰጠው ማለፊያ) የሚሠራው ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ሦስተኛው ቤዚክ ኦተንቲኬሽን የሚባለው፣ ብሮውዘሩ ራሱ ትንሽ ሳጥን ከፍቶ ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅበት ነው።

በዚህ በሦስተኛው የምትሠሩ ከሆነ ቁርጡን ልንገራችሁ፦ ሎግ አውት የለውም። ብሮውዘሩ ፓስወርዱን ይዞ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ራሱ ይልከዋል፤ ሰርቨሩ ጋ የሚሰረዝ ደብተር የለም። አንዳንዱ ሰው ሆን ብሎ «መጀመሪያ ማንነትህን አሳይ» የሚለውን የ401 መልስ በመላክ ብሮውዘሩ እንዲረሳ ለማድረግ ይሞክራል። በአንዱ ብሮውዘር ይሠራል፣ በሌላው አይሠራም። አስተማማኙ ብሮውዘሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው። ለሙከራ ሰርቨር ይሁን፤ ሰዎች በፈረቃ ለሚጠቀሙበት ሥራ ግን አትጠቀሙት።

ደረጃ 2፦ ደብተሩ ላይ ሰርዙ

በፒኤችፒ የሎግ አውት ፋይሉ ውስጥ አራት ነገር በቅደም ተከተል ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

መጀመሪያ «ሴሽን_ስታርት» ይጠራል። ሊያጠፉት ያሉትን ነገር መክፈት ግር ይላል፤ ግን ያልከፈታችሁትን ሴሽን መዝጋት አትችሉም። ቀጥሎ የሴሽን አሬይው (ኮዱ ውስጥ የሴሽኑ መረጃ የሚያዝበት ዝርዝር) ባዶ ይደረጋል። ሦስተኛ፣ ኩኪው ያለፈ ቀን ተሰጥቶት ለብሮውዘሩ ተመልሶ ይላካል፤ ያን ጊዜ ብሮውዘሩ ይጥለዋል። በመጨረሻ «ሴሽን_ዲስትሮይ» ይጠራል።

ብዙ ሰው የመጨረሻውን ብቻ ጽፎ ይሄዳል። ስሙ አታልሎት ነው፤ «ዲስትሮይ» ሲባል ሁሉን ያጠፋ ይመስላል። የሚያጠፋው ግን ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠውን መረጃ ብቻ ነው። በዚያው ገጽ ሜሞሪ ላይ ያለውን አሬይም፣ ብሮውዘሩ ጋ ያለውን ኩኪም አይነካም።

ሦስተኛው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብሮውዘር ኩኪን የሚለየው በስሙ ብቻ ሳይሆን በዶሜይኑና በፓዙም (ከዶሜይኑ ቀጥሎ በሚመጣው የአድራሻ ክፍል) ጭምር ነው። ኩኪውን ስትሰጡ ፓዙ አንድ ንዑስ ፎልደር ከነበረና ስታጠፉ ዋናውን «/» ከጻፋችሁ፣ ብሮውዘሩ ሌላ ኩኪ መስሎት የመጀመሪያውን አይነካውም። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት አቃጥያለሁ። ሲሰጥ የነበረውን ቅንብር አንብባችሁ ያንኑ መልሳችሁ ተጠቀሙ።

በጃንጎ (በፓይተን የተሠራ የዌብ ማዕቀፍ) የምትሠሩ የራሱ የሎግ አውት ፋንክሽን ይህን ሁሉ ይሠራላችኋል። በላራቬል (በፒኤችፒ የተሠራ ማዕቀፍ) ግን ሎግ አውቱን ከጠራችሁ በኋላ ሴሽኑን ኢንቫሊዴት ማድረግና የሲኤስአርኤፍ ቶክኑን (ፎርሙ ከራሳችሁ ገጽ መላኩን የሚያረጋግጠውን ምስጢራዊ ቁጥር) ማደስ አትርሱ። ሁለት መስመር ነው።

ደረጃ 3፦ «ውጣ» የሚለው ሊንክ አይሁን

ፎርም ውስጥ ያለ በተን ይሁን፤ በፖስት (መረጃ መላኪያው የኤችቲቲፒ ዘዴ) ይላክ፣ የሲኤስአርኤፍ ቶክን ይኑረው። ሊንክ ከሆነ በጌት (ገጽ መጠየቂያው ዘዴ) ነው የሚሄደው፤ ጌት ደግሞ ማንም ሳይነካው ሊጠራ ይችላል። አንድ ሰው የሎግ አውት አድራሻችሁን የፎቶ አድራሻ አስመስሎ ሌላ ገጽ ላይ ቢለጥፈው፣ ያን ገጽ የከፈተ ዩዘር ሁሉ ሊወጣባችሁ ይችላል።

ይህ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎግል ዌብ አክስለሬተር የሚባል ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። ኢንተርኔት እንዲፈጥን ገጹ ላይ ያሉትን ሊንኮች ቀድሞ እየከፈተ ያስቀምጣል። ችግሩ «ሰርዝ» የሚሉ ሊንኮችንም እየከፈተ የሰዎችን መረጃ ማጥፋቱ ነበር። ጃንጎም እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 4.1 በጌት ሎግ አውት ማድረግን እንደማይመክር አስታወቀ፤ በ5.0 ጨርሶ አነሳው። ቨርዥን ከፍ አድርጋችሁ «ውጣ» የሚለው ድንገት 405 («በዚህ ዘዴ አይጠየቅም») ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ፖስት ስታደርጉት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ዩዘሩ ምሳ በልቶ ሲመለስ ሴሽኑ አልቋል። «ውጣ» ሲል ቶክኑ ስለማይሠራ ስህተት ያያል፤ ላራቬል ከሆነ 419 («ገጹ ጊዜው አልፏል») የሚለውን። ሊወጣ የፈለገን ሰው «መውጣት አትችልም» ማለት ያስቃል። ይህን ስህተት ያዙትና ሴሽን ከሌለ ዝም ብላችሁ ወደ መግቢያው ገጽ ውሰዱት። ሰውየው እንደሆነ ወጥቷል።

ደረጃ 4፦ ሎግ ኢኑን አስተካክሉ

የመድኃኒት ቤቱ ጉድ እዚህ ነው። ሎግ አውቱ ደህና ነበር፤ ደብተሩም ተሰርዟል። ቀዳዳው የነበረው መግቢያው ላይ ነው።

እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ ፎርሙ ስምና ፓስወርድ ይልካል፣ ኮዱ ያረጋግጣል፣ ትክክል ከሆነ እዚያው ዋናውን ገጽ ያሳያል። ስለዚህ በብሮውዘሩ ታሪክ ውስጥ ያ ዋና ገጽ የተመዘገበው «የዚህች ልጅ ስምና ፓስወርድ የተላከበት ገጽ» ሆኖ ነው። የኋሊት ሄዶ እዚያ የደረሰ ሰው «እንደገና ይላክ» ካለ ብሮውዘሩ ፓስወርዷን ይልክለታል። ሰርቨሩም ትክክለኛ ፓስወርድ ስለሆነ አዲስ ሴሽን ይከፍትለታል። ዘበኛው የሷን መታወቂያ አይቶ አዲስ ባጅ እንደመስጠት ነው፤ ምን ያድርግ?

መፍትሔው ሦስት ነገር ነው።

ፓስወርዱ ከተረጋገጠ በኋላ ገጽ አታሳዩ፤ በ303 ሪዳይሬክት አድርጉ፣ ማለትም ብሮውዘሩን ወደ ሌላ አድራሻ ምሩት። 302ም በተግባር ያው ነው። ሪዳይሬክት ሲኖር ፓስወርድ የተላከበት ጥያቄ በታሪኩ ውስጥ የራሱ ቦታ አይኖረውም። የኋሊት ቢሄዱ የሚመጣው ባዶው ፎርም ነው።

የመግቢያው ፎርም ላይም የሲኤስአርኤፍ ቶክን አድርጉ፣ ቶክኑም ከሴሽኑ ጋር የታሰረ ይሁን። ብዙ ሰው «ገና ያልገባ ሰው ምን ይጠበቃል?» ብሎ ይተወዋል። ቶክኑ ካለ ግን የድሮ ፎርም እንደገና ቢላክ እንኳ ቶክኑ ካለቀው ሴሽን ጋር ስለሄደ አይቀበለውም። ድርብ መቆለፊያ ነው።

ሦስተኛ፣ በገባ ቁጥር የባጁን ቁጥር ቀይሩ። በፒኤችፒ «ሴሽን_ሪጄኔሬት_አይዲ» ነው፤ አሮጌውም እንዲጠፋ ውስጡ «ትሩ» ስጡት። ካልቀየራችሁ፣ ከእናንተ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩን የገለበጠ ሰው እናንተ እስክትገቡ ጠብቆ አብሯችሁ ይገባል።

አንድ ነገር ከኮድ ውጭ ነው። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘሩ «ፓስወርዱን ላስቀምጥ?» ሲል አንዱ እሺ ካለ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ፎርሙ ላይ «ኦቶኮምፕሊት ኦፍ» ብላችሁ መጻፍ አያድናችሁም፤ የዛሬ ብሮውዘሮች ለፓስወርድ ይህን ቁም ነገር አይሉትም። መድኃኒት ቤቱ ሄጄ በብሮውዘሩ ሴቲንግ ዘጋሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ደረጃ 5፦ የኋሊት ቀስቱ ምንም አያሳይ

ሴሽኑ ተሰርዞም ብሮውዘሩ ቀድሞ ያየውን ገጽ ከራሱ ማስቀመጫ አውጥቶ ሊያሳይ ይችላል። ሰርቨሩን ሳይጠይቅ። ሰውየው ምንም መሥራት አይችልም፤ ማንበብ ግን ይችላል። የታካሚ ስም ወይም የደመወዝ ዝርዝር ከሆነ ማንበቡ ራሱ ጣጣ ነው።

ሎግ ኢን ካላደረጉ የማይታዩ ገጾች ሁሉ ላይ ካሽ-ኮንትሮል የሚባለውን ሄደር (ከገጹ ጋር ለብሮውዘሩ የሚላክ መመሪያ) «ኖ-ስቶር» አድርጉት። «ኖ-ካሽ» የሚለው ስሙ ይመስላል እንጂ አይበቃም፤ እሱ «አስቀምጥ፣ ግን ከማሳየትህ በፊት ጠይቅ» ማለት ነው። ከዚህም በላይ ብሮውዘሮች ገጹን እንዳለ ከነጃቫስክሪፕቱ አቁመው የሚያስቀምጡበት ሌላ ዘዴ አላቸው። ለሱ «ፔጅሾው» የሚባለውን ኢቨንት አዳምጡ፤ «ፐርሲስትድ» የሚለው እውነት ከሆነ ገጹን ሪሎድ አድርጉት።

በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይም «ገብቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ፋይል ይጠራ። በፒኤችፒ እዚህ ላይ አንድ ቃል ስትረሳ ሥርዓቱ ክፍት ያድራል፦ የሎኬሽን ሄደሩን ከላካችሁ በኋላ «ኤግዚት» ጻፉ። ካልጻፋችሁ ብሮውዘሩ ወደ መግቢያው ገጽ ይሄዳል፣ ኮዱ ግን ቁልቁል መሮጡን ይቀጥላል። ገጹ በሙሉ ተዘጋጅቶ አብሮ ይላካል። በዓይን አይታይም። ሪዳይሬክት በማይከተል መሣሪያ የጠየቀ ሰው ግን ሁሉንም ያነበዋል።

ደረጃ 6፦ ሳይወጣ የሄደውን አስወጡ

ሰው ይረሳል። መብራት ይሄዳል። ደንበኛ ይጠራል። ስለዚህ ጊዜ ገደብ ያስፈልጋል።

የፒኤችፒ ቅንብር ሳይነካ 1440 ሰከንድ ይላል፤ 24 ደቂቃ ነው። በሱ ግን አትተማመኑ። ጊዜው ያለፈበትን የሚጠርገው ጽዳት ሠራተኛ በየጥያቄው አይመጣም፤ እንደ ዕጣ ነው። ሴሽኑ 24 ደቂቃ አልፎትም ሊቆይ ይችላል። ይልቅ የመጨረሻውን እንቅስቃሴ ሰዓት ሴሽኑ ውስጥ ጻፉና በራሳችሁ ኮድ አስሉት።

ስንት ደቂቃ? የክፍያ ካርድ መረጃ የሚነኩ ድርጅቶች የሚገዙበት ፒሲአይ ዲኤስኤስ 15 ደቂቃ ይላል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው ለመካከለኛው የጥብቅነት ደረጃ 30 ደቂቃ ያለ እንቅስቃሴ፣ ወይም ቢሠራም ባይሠራም 12 ሰዓት ብሎ ነበር። ጃንጎ ደግሞ ካልነካችሁት ሁለት ሳምንት ይሰጣል፤ ለጋራ ኮምፒውተር ይህ ቀልድ ነው። እኔ ለመድኃኒት ቤቱ 10 ደቂቃ አደረግሁት። የተማሪ ውጤት ለሚያስገባ መምህር ግን 10 ደቂቃ ማሰቃየት ነው። ወረቀቱን እያገላበጠ፣ እየደመረ፣ ገጹን ሳይነካ ሩብ ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ገጻችሁ በየ30 ሰከንዱ ራሱ ሰርቨሩን «አዲስ ነገር አለ?» እያለ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ያንን እንደ ሰው እንቅስቃሴ አትቁጠሩት። ከቆጠራችሁት ሴሽኑ መቼም አያልቅም።

«ብሮውዘሩን ሲዘጋ ይወጣል» የሚለውንም አትመኑ። ክሮም «ካቆምኩበት ቀጥል» ተብሎ ከተቀናበረ፣ ሲዘጋ መጥፋት የነበረበትን ኩኪ መልሶ ያመጣዋል።

ደረጃ 7፦ ሲመለስ ሥራው ይጠብቀው

ዩዘሩን ማስወጣት ቀላሉ ነው። ሲመለስ የሚሰማው ነገር ነው ስልካችሁን የሚያስጮኸው። ሰውየው ሃያ መስመር ሞልቶ «አስቀምጥ» ሲል የመግቢያው ገጽ መጣበት። ገባ። ዋናው ገጽ ተከፈተ። ሃያው መስመር የለም። እንዲህ ዓይነት ዩዘር ሲደውል ሰላምታ አያቀድምም።

ሦስት ነገር አድርጉ። የነበረበትን ገጽ አድራሻ ያዙና ሲገባ ወደዚያው መልሱት። ይህ አድራሻ ሊንኩ ላይ የሚታይ ከሆነ ፈትሹት፦ በአንድ «/» የሚጀምር ይሁን፤ በ«//» ከጀመረ ግን ወደ ሌላ ሳይት የሚወስድ ነውና አትቀበሉት። ካልፈተሻችሁ የእናንተን የመግቢያ ገጽ አምኖ የገባውን ሰው ሌባ ወደ ራሱ ሳይት ይወስድበታል።

ሁለተኛ፣ የተጻፈውን በየጥቂት ሰከንዱ ድራፍት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብሮውዘሩ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ የዩዘሩን መለያ ለጥፉበት፤ ሰውየው ራሱ «ውጣ» ሲል ደግሞ አጥፉት። አለበለዚያ የሚቀጥለው ተረኛ የሌላ ሰው ግማሽ ሥራ ተከፍቶ ያገኛል። የመመለሻ አድራሻውም እንዲሁ ነው፤ የገባው ሌላ ሰው ከሆነ ወደ ዋናው ገጽ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ከጀርባ በጃቫስክሪፕት ለሚመጡ ጥያቄዎች ሴሽን ሲያልቅ ሪዳይሬክት አታድርጉ፤ 401 መልሱ። ሪዳይሬክት ካደረጋችሁ ጃቫስክሪፕቱ የመግቢያውን ገጽ ይዞ መጥቶ ሠንጠረዡ መሐል ይደነቅረዋል። የዋጋ ዝርዝር ውስጥ የፓስወርድ ሳጥን ተቀምጦ አይቼ አውቃለሁ። 401 ከመጣ ግን ገጹ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍታችሁ ፓስወርዱን ብቻ ጠይቁ። ሲገባ አዲሱን የሲኤስአርኤፍ ቶክን ተቀብላችሁ ያቋረጠውን ጥያቄ ድገሙለት። ሃያው መስመር እንዳለ ነው።

ደረጃ 8፦ ሌላ ታብ፣ ሌላ ስልክ

ዩዘሩ አምስት ታብ ከፍቶ በአንዱ ቢወጣ አራቱ ላይ የነበረው ይታያል። «ብሮድካስት ቻነል» የሚባለው የብሮውዘር መገልገያ በአንዱ ታብ የሆነውን ለሌሎቹ ይነግራል፤ ሲሰሙ ወደ መግቢያው ይሂዱ። ብዙ ኮድ አይፈልግም።

ሴሽኖችን ዳታቤዝ ውስጥ ከዩዘሩ መለያ ጋር ካስቀመጣችሁ «ከሁሉም ቦታ ውጣ» የሚል በተን መሥራት አንድ የማጥፊያ ትእዛዝ ነው። ፓስወርድ ሲቀየርም ያንኑ ጥሩት። ስልኩ ጠፍቶበት ፓስወርዱን የቀየረ ሰው ሌባው አሁንም ገብቶ ካለ ምን ጠቀመው?

በጄደብልዩቲ ቶክን (ደረጃ 1 ላይ ሁለተኛ ባልኩት ዓይነት) የምትሠሩ እዚህ ላይ ትቸገራላችሁ። ቶክኑ ደብተር የለውም፤ ፊርማው ትክክል ከሆነና ጊዜው ካላለፈ ያልፋል። ከብሮውዘሩ ብታጠፉትም የገለበጠው ሰው ይሠራበታል። ስለዚህ ዕድሜውን 15 ደቂቃ ገደማ አድርጉት፣ ማደሻውን ቶክን ደግሞ ሰርቨሩ ላይ መዝግባችሁ ሲወጣ ሰርዙት። በኔ አስተያየት ለአንድ ተራ የቢሮ ሥርዓት ሴሽን ይበቃል። ፋሽን ነው ብላችሁ ጄደብልዩቲ አትግቡ።

በጎግል ሎግ ኢን የሚያስገባ ሥርዓት ካላችሁ፣ ከእናንተ መውጣት ከጎግል መውጣት አይደለም። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ የሚቀጥለው ሰው «በጎግል ግባ» ሲል ያለ ፓስወርድ የቀድሞውን ሰው ሆኖ ይገባል። ጥያቄው ላይ «ፕሮምፕት» የሚለውን «ሴሌክት_አካውንት» ብትሉት ቢያንስ የማን አካውንት እንደሆነ ያሳየዋል። ከወጣ በኋላ በሚመጣው ገጽ ላይም «የጋራ ኮምፒውተር ከሆነ ከጎግልም ይውጡ» ብላችሁ ጻፉለት።

ደረጃ 9፦ ራሳችሁ ስበሩት

ግቡ፣ ሁለት ሦስት ገጽ ተዘዋወሩ፣ ውጡ። የኋሊት ቀስቱን እስኪያልቅ ንኩ። ሪፍሬሽ አድርጉ። «እንደገና ይላክ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደረጃ 4 አልተሠራም። የድሮው ገጽ ከታየ ደረጃ 5 ነው።

ዋናው ፈተና ግን ይኸኛው ነው። እንደገና ግቡና የብሮውዘሩን የዴቨሎፐር መሣሪያ ከፍታችሁ የሴሽን ኩኪውን ቁጥር ወረቀት ላይ ወይም ኖትፓድ ላይ ገልብጡ። ውጡ። አሁን ሌላ ብሮውዘር ክፈቱ፣ ያንን ቁጥር በእጃችሁ ኩኪው ውስጥ አስገቡና ዋናውን ገጽ ጥሩ።

የመግቢያው ገጽ ከመጣ ደብተሩ ተሰርዟል። ዋናው ገጽ ከተከፈተላችሁ፣ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።